የእሳት ጠባቂዋ ሳል

እትዬ ፒልናም ፈሪ ናት። ይህን የምለው ለማማት አይደለም፤ ፊት ለፊቷም ብያት «እውነትሽን ነው» ብላ ስቃለች። ውሻ ትፈራለች፣ ሊፍት ትፈራለች፣ ስልክ ሲጠራ ትደነግጣለች። ከሁሉ የባሰ ግን እሳት ትፈራለች። ለዚህም ነው በወደብ ከተማችን በዮሱ፣ በነዳጅ ኬሚካል ፋብሪካዎቹ ውስጥ ከእሷ የተሻለች እሳት ጠባቂ አለች ብሎ የሚከራከረኝ ሰው ያላገኘሁት። ደፋር እሳት ጠባቂ ምን ያደርጋል? ደፋር ያንቀላፋል።

ሥራችን ይኸው ነው። ወንዶቹ ብረት ይበይዳሉ፣ ይቆርጣሉ፤ እኛ ሴቶቹ የእሳት ማጥፊያ ከጎናችን አቁመን ፍንጣሪው የት እንደሚወድቅ እናያለን። ነጭ ሽንኩርት የሚያርሙ ሴቶች ከኋላቸው የሚያስሯትን የስፖንጅ መቀመጫ እኛም እናስራለን፤ ስንነሳ አብራን ትነሳለች፣ ስንቀመጥ ከሥራችን ትገኛለች። አላፊ አግዳሚው «እነዚህ ሴቶች ቁጭ ብለው ደመወዝ ይበላሉ» ይለናል። ይበል። አንዲት ፍንጣሪ የምታደርገውን ያላየ ሰው አፉ ሰፊ ነው።

የእትዬ ፒልናምን ስም ወላጆቿ ያወጡላት ተማርረው ነው። ሴት በሴት ላይ ሲወልዱ ኖረው «የሚቀጥለውስ የግድ ወንድ ይሁን» ሲሉ ፒልናም አሏት፤ የስሙ ትርጉም ይኸው ነው። የሚቀጥለውም ሴት ሆነች። እንዲህ ባለ ስም ያደገ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲናገር መጠበቅ ግፍ ይመስለኛል። ባል አገባች፣ ሱዪን የምትባል አንዲት ሴት ልጅ ወለደች፣ ከዚያ ባሏ ጉበቱን ታሞ ሞተባት። ያኔ የደረሱላት የባሏ ታላቅ ወንድም አቶ ማንሶክ ናቸው። ሱዪንን እጇን ይዘው ትምህርት ቤት ያመላለሱት እሳቸው፣ እናቲቱንም እኛ የምንሠራበት የአቶ ኩ ድርጅት ውስጥ ያስገቡት እሳቸው ናቸው። የድርጅታችን ሥራ ከትልልቆቹ ፋብሪካዎች ጥገና በኮንትራት መያዝ ነው። አቶ ማንሶክ ደግሞ በጋዝ እሳት ብረት የሚቆርጡ፣ እጃቸው እንደ መቀስ የሆነ ሰው ነበሩ።

ዕጣዋ ሆኖ የእሳቸው እሳት ጠባቂ እሷ ሆነች። እንግዲህ የታናሽ ወንድም ሚስትና ዋርሳዋ በደቡብ ገጠር ልማድ ምን ያህል እንደሚተፋፈሩ የታወቀ ነው፤ የማንሶክ ቤተ ዘመድ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። እሷ «አንቱ» ትላቸዋለች፣ እሳቸውም «አንቱ» ይሏታል። ውሃ እንኳ እጅ በእጅ አትሰጣቸውም፤ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ፈቀቅ ትላለች፣ ከዚያ ያነሳሉ። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ላይ «አቁም!» ብሎ መጮህ እንዴት ይቻላል?

የራሷን መላ ዘየደች። ፍንጣሪው ወደማይሆን ቦታ ሲዘል ሌላዋ እሳት ጠባቂ ትጮኻለች፤ እትዬ ፒልናም ግን እጇን ወደ አፏ ወስዳ «ኡሁ፣ ኡሁ» ትላለች። አባወራ ወደ ሰው ግቢ ሲገባ እንደሚያሰማት ያለች፣ ጨዋ ሳል። አቶ ማንሶክም እሳቱን ያጠፋሉ። ለማረፍ የፈለጉት ራሳቸው ይመስል መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ወደ ባሕሩ ይመለከታሉ። እሷ አዘዘች አይባል፣ እሳቸው ታዘዙ አይባል። ስንት ዓመት እንዲህ ሠሩ። አንድም ቀን ሳሏ ከሽፎ አያውቅም።

ታዲያ ከጸደዩ ጥገና በፊት ሥራ የሚሰጠን ፋብሪካ አንድ ነገር አመጣ። ከእንግዲህ የሥራ ደህንነት ምስክር ወረቀት የሌለው ተቋራጭ በበሩ አያልፍም ተባለ። ወረቀቱን የሚሰጠው ድርጅት ገምጋሚ ይልካል፣ ገምጋሚዋም እውነተኛ ሥራ ቆማ ታያለች፤ ካልጣማት ጥገናው ቀረ። ጥገናው ከቀረ ደግሞ እኛም ወደ ነጭ ሽንኩርት ማሳችን።

አለቃችን አቶ ኩ እንቅልፍ አጣ። መጥፎ ሰው አይደለም፤ ግን ሲጨነቅ ሰው ያስጨንቃል። አዳዲስ ሄልሜት ገዛ፣ ግድግዳውን ሁሉ በመፈክር ሸፈነ፣ ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት ከምንሠራው ስፖርት በኋላ «ደህንነት ይቅደም!» እያስባለ የግቢውን ርግብ አባረረ። ከዚያ ለእያንዳንዳችን ፊሽካ አንገታችን ላይ አንጠልጥሎ መጮህ ሊያስተምረን ቆመ።

«ፍንጣሪው ሄደ! ምን ትያለሽ?» አለኝ።

«አቁም!» አልኩ። እኔ ለመጮህ ማን ብሎኝ።

«ጎሽ ማልሱን! እትዬ ፒልናም፣ አንቺስ?»

«አቁም» አለች። አጠገቧ ቆሜ እንኳ በግድ ነው የሰማኋት።

«ምን አልሽ? ድመት ናት ወይስ ሰው?»

«አለቃ፣ ጉሮሮዬ እኮ…»

«ለሳል ሲሆንማ ጉሮሮሽ ደህና ነው!»

ወንዶቹ በሳቅ ፈረሱ። አቶ ማንሶክ ጥግ ላይ የመቁረጫቸውን አፍ በሽቦ ይጠርጉ ነበር። ሁሉም ሲስቅ ቀና ብለው የሰዉን ፊት አዩ፣ ከዚያ እሳቸውም ዘግየት ብለው ሳቁ። ዘግየት ማለታቸውን አይቼ ነበር፤ ግን ሽማግሌ ናቸው፣ ቀልድ ይዘገይባቸዋል ብዬ አለፍኩት።

አቶ ኩ ሳቁን ትቶ ወደ ቦታ አያያዝ ዞረ። «ሌላው ነገር፣ እትዬ፣ ለምንድን ነው ሁልጊዜ ፊት ለፊታቸው የምትቀመጪው? ምሳ እንደሚጠብቅ ሰው! መመሪያው እሳት ጠባቂ ፍንጣሪው ከሚወድቅበት በኩል ትቁም ነው የሚለው። ገምጋሚዋ የመጣች ቀን ከኋላቸው ነው የምትቆሚው።»

ይህን ሲናገር በእጁ እያሳየ ነበርና አቶ ማንሶክ ከመቀመጫቸው ተነሱ። «የሱዪን እናት ከቦታቸው አይነሱም» አሉ።

«ጋሼ፣ መመሪያው ነው እኮ።»

«ከፊቴ ይቀመጡ።»

«ፍንጣሪው የሚወድቀው ከኋላዎ ነው፣ ጋሼ! ከፊትዎ ተቀምጣ ምን ታያለች?»

አቶ ማንሶክ አፉን ትኩር ብለው አዩት። «ከፊቴ» ብለው ደገሙና ሽቦአቸውን ይዘው ወጡ።

ወሬው ያን ቀን ሞቀ። ሽማግሌው ትዕቢት ጀመረው፣ ሰላምታ እንኳ አይመልስም፤ ቤቱ የሚከፈተው ቴሌቪዥን ወደቡ ድረስ ይሰማል፤ እልኸኛ ሆኗል፣ አርጅቷል። ይህ ሁሉ ሲወራ እሳቸው ከእኛ እልፍ ብለው ቡናቸውን በወረቀት ኩባያ ይጠጡ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ፤ አንዲቷም አልደረሰቻቸውም።

እትዬ ፒልናም ግን ሌላ ነበር ጭንቀቷ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምግብ አልወርድ አላት። በምሳ ሰዓት በበርበሬ ያኮመጠጠችውን የሰናፍጭ ቅጠል ኪምቺ ወደ እኔ ገፍታ ሩዙን በማንኪያ ስትቆፍር ትውላለች።

«ማልሱን፣ እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ብጮህባቸው ምን ይሉኛል?»

«"እግዜር ይስጥልኝ" ይሉሻል።»

«ቀልዱን ተይ። ባሌ የሞተ ጊዜ ለቅሶ ላይ እንኳ እሳቸው ባሉበት ድምፄን አላሰማሁም። እንጀራ ያበላኝን ሰው በፊሽካ? ውሻ ናቸው?»

«አትንፊያ። ፍንጣሪው ራሱ ይጮህልሻል።»

«እንደሱ አትበይ!» ብላ እጄን ያዘችኝ። «ካልነፋሁ ደግሞ ወረቀቱ ይቀራል። የዚህ ሁሉ ሰው ሥራ በእኔ ትንፋሽ ተንጠለጠለ። ሌሊት አፌን ስከፍት ድምፅ አጣሁ እያልኩ እቃዣለሁ።»

«ባለቤት ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም፣ እትዬ። ለእሳቸውም እኮ ነው።»

ማንኪያዋን አስቀመጠችና ፊቷ ትንሽ በራ። «መጀመሪያ ሳል አደርጋለሁ። ሳሌን ሰምተው ካቆሙ ፊሽካ ምን ያደርጋል? ይሰሙኛል። ሁልጊዜም ይሰሙኛል።» በዚህ ተጽናንታ ሁለት ማንኪያ ጎረሰች። እኔም ላጽናናት ብዬ «አዎ» አልኩ።

የፈሩት ይደርሳል፤ ገምጋሚዋ መጣች። ሶ የምትባል፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ ያሰረች፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ከሁላችን ቀድማ የራሷን ሄልሜት ማሰሪያ ፈተሸች፣ ይህን ሳይ ወደድኳት። አቶ ኩ ከኋላ ከኋላዋ እየተከተለ ላቡን ይጠርጋል። የተመደበው ሥራ ቀላል ነው፤ ከፍ ብሎ የተዘረጋ አሮጌ ቧንቧ ተቆርጦ ይወርዳል። ከሥሩ የውሃ መውረጃ ቦይ አለ። ቦዩ ታጥቧል፣ ጋዝ እንደሌለበት ተለክቷል፣ ክዳኑም እሳት በማይበላው እርጥብ ጨርቅ ተሸፍኗል። ሁሉም እንደ መመሪያው።

አቶ ማንሶክ መወጣጫው ላይ ወጡ። እትዬ ፒልናም ከታች፣ ከኋላቸው ካለው ሌላ ቧንቧ ማዶ ቆመች። እኔ መንገዱ ዳር ሁለተኛውን ማጥፊያ ይዤ ነበር። አቶ ማንሶክ ከመለኮሳቸው በፊት ዞር አሉ፣ በትከሻቸው አሻግረው ፈለጓት፤ ያ ቧንቧ ጋርዷታል። አንገታቸውን መዘዝ አደረጉ። አቶ ኩ ከታች በእጁ «ይጀምሩ፣ ይጀምሩ» አላቸው። ገምጋሚዋ ቆማለች፣ ሰው ሁሉ ቆሟል። ማቀጣጠያው በእጃቸው ላይ ቆየ፣ ከወትሮው በጣም ቆየ። ከዚያ ለኮሱ።

ፍንጣሪው መውረድ ጀመረ። መጀመሪያ ጨርቁ ላይ እየወደቀ ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ የባሕሩ ነፋስ ተነሳ፣ የጨርቁን አንድ ጫፍ ገልጦ አጠፈው። ፍንጣሪው በክዳኑ ቀዳዳ ወደ ቦዩ ሲገባ ከቆምኩበት አየሁ።

እትዬ ፒልናምም አየች። እጇ ወደ አፏ ሄደ። «ኡሁ፣ ኡሁ።»

አቶ ማንሶክ ቀጠሉ።

«ኡሁ! ኡሁ!» ይህችኛዋ ከአንጀቷ ናት፤ ጎንበስ አደረጋት። ፍንጣሪው ይወርዳል። ፊቷ አመድ መሰለ። በሕይወቷ የተማመነችባት አንዲት ነገር ስትከዳት እያየሁ ነበር። «ንፊ፣ እትዬ፣ ንፊ!» አልኩ።

ነፋች። የመጀመሪያው ትንፋሽ ብቻ ነበር፤ ሁለተኛው ግን ጆሮ የሚበሳ ሆነ። ሁላችንም የጆሮ መድፈኛ አድርገናል፣ ቢሆንም ጥግ ድረስ ያለው ሰው መዶሻውን ጣለ። ገምጋሚዋ እጇን አንስታ «አቁሙ!» አለች። ግቢው ቀጥ አለ። እሳቸው ብቻ፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ ያንኑ መስመር ቀስ አድርገው ይቆርጣሉ። በክዳኑ ቀዳዳ ጭስ ወጣ፣ ቀጥሎም ነበልባል ምላሱን አሳየ።

እትዬ ፒልናም ፊሽካውን ጥላ ሮጠች። ያቺ የስፖንጅ መቀመጫ ከኋላዋ እየዘለለች። ያን ጊዜ ግን የሳቀ ሰው የለም። ከታች የቆሙት የጋዝ ሲሊንደሮች ጋ ደርሳ ማዞሪያውን በሁለት እጇ ጠምዝዛ ዘጋችው። ከላይ «ጧ!» የሚል ድምፅ ተሰማ፣ እሳቱ ሞተ። እኔም በበኩሌ ደርሼ የማጥፊያውን ዱቄት ቦዩ ውስጥ ለቀቅኩት። ነበልባሉ ትንሽ ነበር፤ ክዳኑ ስንጥቅ ውስጥ ዘይት የነካው ጨርቅ ቀርቶ ኖሯል። ግን ቦዩ ወደ ነዳጅ ማጠራቀሚያዎቹ እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን።

አቶ ማንሶክ መነጽራቸውን ገፍተው ዞሩ። «ማነው የዘጋው?» ብለው ጮኹ። ድምፃቸው ያስፈራል። ከዚያ ነጩን ዱቄት፣ ጭሱን፣ ቆሞ የሚያያቸውን ሰው ሁሉ ተራ በተራ አዩ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አለች አንገቷን ደፍታ።

ወረዱ። ገምጋሚዋ ቀስ ብላ ቀረበቻቸው። «ፊሽካውን ሰምተው ነበር?»

አቶ ኩ ዓይኑን ጨፈነ። እኔም ገባኝ። «ሰምቻለሁ፣ መስመሩን ልጨርስ ብዬ ነው» ካሉ፣ ፊሽካ የሚንቅ ድርጅት ነንና ወረቀቱ ቀረ። «አልሰማሁም» ካሉ፣ የዕድሜ ልክ ሙያቸው እዚያው ቆመ። እሳቸው ገና ሳይመልሱ እትዬ ፒልናም አንገቷን እንደደፋች ተናገረች።

«በደንብ አልነፋሁትም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ያ ሁሉ ሰው ደንቆሮ ይመስል! አቶ ማንሶክ ወደ እኔ ዞሩ። «ምን አሉ?»

ማጥፊያውን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። «ማልሱን፣ የሱዪን እናት ምን አሉ?»

ወደ ጆሯቸው ተጠግቼ ጮኽኩ። «አልነፋሁም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አለች!»

ሽማግሌው ጓንታቸውን አወለቁ። «ውሸታቸውን ነው» አሉ ለገምጋሚዋ። «እሳቸው ነፍተው ይሆናል። እኔ ነኝ ያልሰማሁት። ጆሮዬ ከሄደ ቆይቷል።» መነጽራቸውን ከሄልሜታቸው ላይ ፈተው ኪሳቸው ከተቱ፤ ማንንም ሳያዩ በበሩ ወጡ። እትዬ ፒልናም ሲሊንደሩን ተደግፋ ቀረች።

ወረቀቱ መጣ። ገምጋሚዋ ለአቶ ኩ «ሥራውን ያስቆመችው ሴት ባትኖር ኖሮ ፋይላችሁን እዚሁ ነበር የምዘጋው» ብላዋለች። ቅድመ ሁኔታ ግን ነበረው፤ አቶ ማንሶክ እሳት አይነኩም። አቶ ኩ የመጋዘን ሥራ እንዳለ ሰው ላከባቸው። መልስ የለም። ሰው ደግሞ መቼ ዝም ይላል! ያን ቀን በእሷ ምክንያት ሥራው የተረፈለት ሁሉ፣ ሳምንት ሳይሞላ «ያጎረሳትን እጅ ነከሰች» ማለት ጀመረ። አንዱን በምሳ ሰዓት አፉን አስያዝኩት፤ ሁሉን ግን አልችል።

እሷ ግን የሰው ወሬ አልነበረም የሚበላት። የባሏ ሙት ዓመት እየደረሰ ነበር። የሚታሰበው በታላቅ ወንድሙ ቤት ነው፤ እሷም ከሰዓት ሄዳ ምግቡን ከዋርሳዋ ሚስት ጋር ማዘጋጀት አለባት።

«በሩን ባይከፍቱልኝስ?» ትለኛለች። «የወንድማቸው መታሰቢያ ላይ ፊታቸውን ቢያዞሩብኝስ? ሱዪን አጎቷን ታጣለች፣ እኔም ቤት አጣሁ ማለት ነው። ብቀርስ? ብቀር ደግሞ ሟቹ ምን ይለኛል?»

«ትሄጃለሽ» አልኳት።

«ዓሣውንና ዱባውን አብረሽኝ ያዢልኝ።» ዕቃው ለአንድ ሰው እንኳ ቀላል ነበር። ያዝኩላት።

የአቶ ማንሶክ ቤት ከወደቡ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ነው። በሩ ገርበብ ብሎ አገኘነው። እትዬ ፒልናም ከውጭ ቆመች። ያለ ሳል ሰው ግቢ አይገባም፣ እጇ በራሱ ጊዜ ወደ አፏ ሄደ። «ኡሁ፣ ኡሁ።»

«እትዬ፣ ማን ሊሰማሽ?» አልኳት።

ይህን ስትሰማ ነው መሰለኝ የሆነው ሁሉ እንደገና የገባት። እጇ አፏ ላይ እንዳለ ዓይኗ እንባ ሞላ። ልመለስ ብላ ግማሽ ስትዞር ከውስጥ ድምፅ መጣ።

«ይግቡ እንጂ! እጅዎ ከአፍዎ ሳይወርድ ሊመሽ ነው?»

በሩን ገፋሁት። አቶ ማንሶክ የእንጨት በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል። መቀመጫቸው ሁልጊዜ ከግድግዳው ሥር፣ ወደ ባሕሩ ዞሮ ነበር፤ አሁን ከቦታው ተነስቶ ከበሩ ትይዩ ሆኗል።

«ሰሙኝ?» አለች። እንዲያዩዋት ቀና ብላ፣ ቀስ ብላ።

«አልሰማሁም። ሳልዎን ከሰማሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ። እጅዎን ነው የማየው። እጅዎ ወደ አፍዎ ሲሄድ አጠፋለሁ። የመሥሪያ ቤቱን የጆሮ ምርመራ እንኳ ያለፍኩት የነርሷን ክንድ እያየሁ ነው፤ ክንዷ ሲንቀሳቀስ ቁልፉን እጫናለሁ።» ትንሽ የኮሩ መሰሉ፤ ወዲያው ግን ፊታቸው ጨለመ። «ከፊቴ ይቀመጡ ያልኩት ለዚያ ነበር። ለምን እንደሆነ ለኩ ብናገር ያኔውኑ እሳቱን ይቀማኛል። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ። ያን ቀን ፈለግኩዎት፣ አጣሁዎት። እጅዎን ሳላይ ለኩሼ አላውቅም ነበር። ሰው ሁሉ ቆሞ ሲያየኝ፣ በእኔ ምክንያት ወረቀቱ ቀረ እንዳይባል ብዬ ለኮስኩ። ከሥሬ ሰው ቢኖርስ? እርስዎ ቢሆኑስ? ወንድሜን ምን ልለው ነበር?»

እትዬ ፒልናም ቀረብ አለቻቸው። «እኔም፣ ጋሼ… ፊሽካው አንገቴ ላይ እያለ መጀመሪያ ሳል ነበር ያደረግኩት። ሁለት ጊዜ። ያን ጊዜ ብነፋ እሳቱ ባልተነሳ። አፈርኩዎት።»

«እሱን እንኳ እውነትም አልሰማሁም» አሉ ሽማግሌው። እኔ ሳቄ አመለጠኝ፣ እሷ ደግሞ ለቅሶዋ። «ይግቡ፣ ዱባው ይጠበስ» አሉ።

እትዬ ፒልናምና የአቶ ማንሶክ ሚስት ዱባውን በእንቁላል እየነከሩ ጠበሱ። እኔ እንግዳ ነኝ ብዬ በረንዳው ላይ ብቀመጥም እጄ ሥራ አላጣም። ሁሉ ሲደርስ ገበታው በክፍሉ ጫፍ ተሰየመ፤ ዓሣው፣ ሩዙ፣ የሩዝ ጠጁ፣ ከኋላ የሟቹ ስም የተጻፈባት ቀጭን ወረቀት ቆማ። አቶ ማንሶክ ከገበታው ፊት ተንበርክከው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ ሻማ ሊያበሩ ክብሪት ጫሩ። በሩ ክፍት ነበር። የባሕሩ ነፋስ ገባና ያቺን የስም ወረቀት ወደ ሻማው ጋደም አደረጋት፤ እሳቸው ክብሪቷ ላይ አቀርቅረው አላዩም።

እትዬ ፒልናም የሾርባውን ሳህን ይዛ ከኋላቸው ነበረች። አንድ እጇ ከሳህኑ ተነስቶ ወደ አፏ መሄድ ጀመረ። መንገድ ላይ ቆመ። ሳህኑን ወለሉ ላይ አስቀመጠች፣ ዞራም የቤቱ ሴት በማትቆምበት ቦታ፣ በገበታውና በሽማግሌው መካከል፣ ፊት ለፊታቸው ቆመች።

አቶ ማንሶክ ቀና ብለው አዩዋት። ክብሪቷን እፍ ብለው አጠፉ።

«አየሁዎት» አሉ።